ጨዋታም ትምህርት ነው፦ ስለ ቅዳሜው የአማርኛ ክፍላችን

በሚቀጥለው ወር በምናደርገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የቅዳሜው የልጆች የአማርኛ ክፍል ነው። ክፍሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ? ከቀጠለስ በባህል ምሽታችን ያሰባሰብነው ገንዘብ ለልጆቹ ታብሌት ይገዛበት ወይስ ለሌላ ነገር ይዋል? ስብሰባ ላይ ሁላችንም ለመናገር ስንሽቀዳደም ሐሳብ ስለሚጠፋ፣ የእኔን አስቀድሜ በጽሑፍ ላቅርብ ብዬ ነው። በዚያ ክፍል ሁለት ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ፤ ኮሌጅ የምማረውም የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ያደረግኩት ነገር ቢኖር፣ ደሴ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የተማርኩበትን መንገድ እዚህ ሜሪላንድ መድገም ነበር። ትልቁን የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፤ ማመልከቻ እንጨት ያዝኩ፤ «ሀ በሉ!» አልኩ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሃያ ሁለት ልጆች በአንድ ድምፅ «ሀ!» አሉ። ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያልን ወረድን። በአራተኛው ሳምንት ልጆቹ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ያለ ስሕተት ይወጡት ጀመር። ወላጆች በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እኔም በልቤ «ለካ መምህር ነኝ» አልኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ከገበታው መሃል «ቴ»ን ነጥዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «ይህቺ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ ብቻ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት። ጠጋ ብዬ ሳዳምጣት፣ ከ«ሀ» ጀምራ በሹክሹክታ እያዜመች ወደ «ተ» ቤት በመጓዝ ላይ ነበረች። ልጆቹ የያዙት ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። 231ዱን ሆሄያት በተርታ ሲሆኑ ያውቋቸዋል፤ አንዷ ብቻዋን ስትመጣ ግን እንደ እንግዳ ያዩዋታል።

የገና ዕረፍት ሲደርስ ወደ ክፍል የሚመጡት ዘጠኝ ብቻ ሆነው ነበር። አንድ አባት በትሕትና «ልጄ በሳምንቱ ሁሉ ደኅና ይሆንና ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል» አሉኝ። የዚያ ልጅ ሆድ ሕመም ስሙ ማን እንደሆነ አላጣሁትም። እኔ ነበርኩ።

ይህ የእኛ የቅዳሜ ክፍል ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የክፍል መጨናነቅ አለ፣ የመምህሩ ኑሮ አለ። ነገር ግን አንዱ ምክንያት በኅብረት መጮህን ከማወቅ ጋር ማምታታታችን ይመስለኛል። ስልሳ ልጅ አብሮ ሲጮህ ያላወቀው ልጅ ድምፁ አይለይም። ያወቀውም አይለይም።

«አባቶቻችን የተማሩት በዚሁ መንገድ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ግን እስከ መጨረሻው እንይ። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀ ሁ ካለ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ተነባቢውም አናባቢውም በየእርምጃው ይለወጣል። ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ሲወርድ፣ ልጁ የሸመደደው ዜማ አያድነውም፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ አለበት። የኔታ በቃል መያዝና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ያውቁ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ገፋ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል፤ ልጁም በስንደዶ እየጠቆመ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። እኛ ከዚያ ሥርዓት ጩኸቱንና ዱላውን ወርሰን ብልሃቱን ትተነዋል።

ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ ለአክስቴ ደወልኩ። አክስቴ ወሎ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ችግሬን ስዘረዝርላት ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ! እኔ ጋ ስልሳ ስምንት ናቸው፤ አንቺ በሃያ ሁለት ትነጫነጪያለሽ? ይልቅ ቆርኪ ፈልጊ» አለችኝ።

አገር ቤት የተማራችሁ ሁሉ ቆርኪውን ታስታውሳላችሁ። ለሒሳብ መቁጠሪያ እየበሳን በሲባጎ እየሰካን ይዘን እንሄድ ነበር። አክስቴ በቆርኪው ውስጥ ፊደል ትጽፍበታለች። ልጆቹ በቡድን ሆነው ቆርኪዎቹን ይለዩበታል፤ ቃል ይሠሩበታል፤ ይለዋወጡበታል። እኔም ሰፈራችን ካሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች እየዞርኩ ሁለት ፌስታል ቆርኪ ሰበሰብኩ። አጥቤ በማይለቅ ቀለም ጻፍኩባቸው። ወጪው የቀለሙ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበታውን አወረድኩት። ለየቡድኑ ለ፣ ሉ፣ በ፣ ቡ፣ ተ፣ ቱ፣ ሰ፣ ሱ የተጻፈባቸውን ቆርኪዎች ሰጠሁና «ዘመዳሞቹን ለዩልኝ» አልኩ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመርኩም። አንዳንዱ ቡድን ለን ከሉ፣ በን ከቡ ጋር አስቀመጠ። ሌላው ሉ፣ ቡ፣ ቱ፣ ሱን ለብቻ ሰበሰበ። ለምን ስል አንድ ልጅ «ሁሉም ወገባቸው ላይ ዱላ አላቸው» አለኝ። ካዕብን በራሱ አገኘው! የካዕብን ምልክት እኔ ነግሬው ቢሆን ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ይረሳው ነበር። ኃምስ ላይ ስንደርስ «ቀለበት እግራቸው ላይ ያደረጉት» ብለው ሌ፣ ቤ፣ ቴ፣ ሴን ሰየሟቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሩና ፉ የመጡበት ቀን ነው። እነዚህ ምልክታቸውን ወገባቸው ላይ ሳይሆን እግራቸው ሥር ነው ያደረጉት። ልጆቹ «ሩ ሕግ አታከብርም!» ብለው ተነሡ። አንዷ «ፉም እኮ አታከብርም» አለች። ለአሥር ደቂቃ ያህል ስለ ሁለት ፊደላት ጠብ ተነሣ። ስለ ፊደል ሲጣሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሩና ፉን የሚስት ልጅ አላየሁም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይረክሳል፤ ዝም ማለት ነው። በመምህርነት ትምህርቴ ካነበብኳቸው ጥናቶች በጣም የነካኝ ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተመችው ነው። በክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ስትመረምር፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ወይም ወደ ሌላ ልጅ ያልፋሉ። ጊዜውን ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ያልተጠሩት ልጆች መሳተፍ ጀመሩ፤ «አላውቅም» የሚለው መልስ ቀነሰ።

እኔም ራሴን ለካሁ። እውነት ለመናገር አንድ ሴኮንድም አልጠብቅም ነበር። ለእኛ ልጆች ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጥያቄውን በአማርኛ ሰምተው በእንግሊዝኛ አስበው መልሱን ወደ አማርኛ ማምጣት አለባቸው። ስለዚህ ጠይቄ በልቤ «አንድ እሺ፣ ሁለት እሺ፣ ሦስት እሺ፣ አራት እሺ» እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅ ናቸው፤ ጸጥታው ይከብዳል፤ መምህር ሲባል ሁሌ የሚያወራ ይመስለናልና። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ለሦስት ወር ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ ሁሉም ተስፋ ከቆረጡ በኋላ፣ «ቲቸር… አያቴ ቤት ዶሮ አለ» አለ። ጥያቄው ስለ ቤት እንስሳት ነበር። ልጁ ሲያስብ የቆየውን እኔ ሳቋርጠው ነው የከረምኩት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ዘዴ አለ። ፍራንክ ላይማን የተባለ መምህር እዚሁ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ነው። ልጁ መጀመሪያ ለብቻው ያስባል፤ ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያ ለክፍሉ ይናገራል። ለአክስቴ ስነግራት «ይሄማ አንድ ለአምስታችን አይደለም እንዴ?» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ልዩነቱን አወጣችው፦ «የእኛ አንድ ለአምስት ችግሩ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ።» መፍትሔዋም ቀላል ነው። የሚናገረውን ልጅ ቡድኑ አይመርጥም፤ በዕጣ ይወጣል። ማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ጎበዙ ጓደኞቹን ማስረዳት ግዴታው ይሆናል። እኔ ዕጣውን ከእሷ ወሰድኩ፤ እሷ ደግሞ ለብቻ የማሰቢያውን ጊዜ ከእኔ ወሰደች።

ሦስተኛው የራሳችን ጨዋታ ነው። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ እንጂ የሚናገሩበት ምክንያት የላቸውም። ቤት ውስጥ እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ኑሮ ይቀጥላል። በክፍሌ ውስጥ ሁሉንም ሰው «አንቺ» የሚል ልጅ ነበር፤ ሦስት እኅቶች ስላሉት ቤት ውስጥ የሚሰማው እሱን ነው። ይህን ሰዋስው በሰሌዳ አላስተማርኩትም። ጠሪ አደረግኩት፤ ጓደኞቹን በየተራ ወደ ወንበር መጥራት አለበት። «ና» ሲል ወንዶች ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ «ነይ» ሲል ሴቶች፤ «ኑ» ሲል ሁሉም፤ «ይምጡ» ሲል ደግሞ የምንቀሳቀሰው እኔ ነኝ። ወንድ ጓደኛውን «ነይ» ብሎ ሲጠራ ሰው ከቦታው አልነቃነቅ አለው። ተሳሳትክ ያለው የለም፤ ክፍሉ እየሳቀ ሲጠብቀው ራሱ አረመው። አሁን «ይምጡ» የምትለዋን በጣም ይወዳታል፤ መምህሯን የምታስነሣ ቃል ናትና።

እንቆቅልሽም እንዲሁ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ማለት በሁለት ደቂቃ ይለመዳል። እኔ ግን የድሮዎቹን ካስተማርኳቸው በኋላ የራሳችሁን አምጡ አልኳቸው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አመጣች፦ «ነጭ ነው። ከሰማይ ይመጣል። እጄ ላይ ያለቅሳል።» መልሱ በረዶ ነው። ያቺ ልጅ «ይቀልጣል» የሚለውን ቃል አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ «ያለቅሳል» አለች። ብዙ ጊዜ ሰዋስውና ቃላት አስቀድመን ካላስጨበጥናቸው ልጆች መፍጠር አይችሉም እንላለን። ልጅቷ ግን ባላት ጥቂት ቃል ፈጠረች፤ «ይቀልጣል»ን ከዚያ በኋላ ስሰጣት አልረሳችውም። መልሱን ያጣ ደግሞ አገር ይሰጣል። የሰጡትን አገር በካርታ ላይ እንፈልጋለን፤ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረር እያልን። አንዱ «ሲልቨር ስፕሪንግ» ሰጠ። ተቀባይዋ «እሷንማ አለኝ፤ ሌላ ስጠኝ» አለችው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በቆርኪ ሲንጫጩ አገኙ። ወደ ጎን ጠሩኝና «የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ቅዳሜን ከሥራ አስፈቅጄ የማመጣው እንዲማር ነው። ጨዋታማ ቤቱም ይጫወታል» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ሁለት ሥራ እየሠሩ አርባ ደቂቃ ነድተው የሚመጡ እናት፣ ጊዜያቸው በምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አላቸው። ጥያቄያቸውም ትክክል ነው፤ ጨዋታ ሁሉ ትምህርት አይደለም። እኔም ያባከንኳቸው ቅዳሜዎች አሉ። አንድ ጊዜ የፊደል አደን ብዬ ልጆቹን በሕንፃው ውስጥ ለቅቄ፣ የሮጡበት እንጂ ያነበቡት ፊደል ሳይኖር ሰዓቱ አለቀ። በቃል መያዝንም አልናቅኩም፤ ሀ ሁን አሁንም በዜማ እንላለን፤ ክፍሉን የምንከፍተው በእሱ ነው።

ስለዚህ ለራሴ መለኪያ አበጀሁ። ከጨዋታው በኋላ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ፣ ዝምተኛውም ጭምር፣ ዛሬ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአማርኛ ተናግሯል ወይ? ሁለተኛ፣ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ብቻውን አድርጎ ማሳየት ይችላል ወይ? ሁለቱንም ካላሟላ ጨዋታው፣ የቱንም ያህል ቢያስቅ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አይደገምም። ለእኔ የፈጠራ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። መምህሩ የሚያሳየው ትርኢት ሳይሆን ልጁ የሚያስብበትና የሚናገርበት ቦታ ነው።

ታብሌቱን የምቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው። ቴክኖሎጂ ጠላት ሆኖ አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያችን ቀጭኔ መጀመሪያ በካልሲ አሻንጉሊት ነው የጀመሯት። ቁም ነገሩ ካሜራው አልነበረም፤ የልጅን ጆሮ የምታውቅ መምህርት መኖሯ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ስክሪን አልጎደላቸውም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይጠግቡታል። የጎደላቸው በአማርኛ ጠይቆ መልሳቸውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ታብሌቱ «ነይ» ቢባልም «ና» ቢባልም ያው ነው፤ አይስቅም፣ አይነሣም፣ አገርም አይሰጥም።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ይህን ነው። አንደኛ፣ ክፍሉ ይቀጥል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለታብሌት ሳይሆን ለአስተማሪዎች ሥልጠናና ለልጆች የአማርኛ የተረት መጻሕፍት ይዋል። አሁን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን የምናስተምረው፤ ስድስት ብንሆን ልጆቹን በአነስተኛ ቡድን እንይዛለን። «አማርኛ ጽሑፌ ጥሩ አይደለም» የምትሉ ኑ፤ እንቆቅልሽ ማወቅ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ትልልቆቹን ልጆች እንደ የኔታ ተማሪዎች ረዳት እናድርጋቸው። ቆርኪውን «የሕፃን ነው» ብሎ የናቀ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች ስሰጠው ቅዳሜ ከእኔ ቀድሞ መምጣት ጀመረ።

ቁጥሩንም አልደብቅም። ዛሬ አሥራ ሰባት ልጆች አሉን፤ የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም። አቀላጥፈው የሚያነቡት አምስት ብቻ ናቸው። ተአምር አልሠራንም፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሆዱን የሚያመው ልጅ የለም።

እኒያ እናትም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላቸውም። አሁንም በር ላይ ቆመው «ዛሬ ምን ጻፈ?» ይሉኛል፤ ደብተሩን አሳያቸዋለሁ። በቀደም ግን አንድ ነገር ነገሩኝ። ልጃቸው አያቱ ስትደውል ሁሌ «ደኅና ነኝ» ብሎ ስልኩን ይመልስ ነበር። ያን ቀን ግን ይዞ ቀረ። «እንቆቅልሽ!» አላት። አያት «ምን አውቅልህ!» አለች። በረዶውን ጠየቃት፤ አያት መልሱን ከየት ታምጣው? አገር ስጪኝ አላት። የተወለደችበትን መንደር ሰጠችው። ልጁም ስልኩን ሳይዘጋ «የት ነው እሱ? ምን አለ እዚያ?» እያለ ይጠይቃት ጀመር። እናትየው ይህን ሲነግሩኝ «ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ የካርዷን ሒሳብ ጨረሰባት» አሉ።

ስብሰባው ላይ እንገናኝ። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ወለሉ ላይ ከልጆቹ ጋር ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። አገር የማትሰጡ ከሆነ መልስ አዘጋጅታችሁ ኑ። ቸር ይግጠመን።